ዋንዛው ምን አጠፋ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዕቁብ የደረሰው እንደሆነ፣ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ጠቀም ያለ ገንዘብ የላከ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ክስ የሚመሠረተው በኩሽናው ቁም ሳጥን ላይ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሶፋው ጎድጉዷል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ገጥሞ አያውቅም፤ እነዚህ ሁሉ በይደር ይቀመጣሉ። ቁም ሳጥኑ ግን ይቅርታ የለውም። የክሱ ጭብጥ አጭር ነው፤ ቡናማ ነው፣ አሮጌ ነው፣ የእንጨት ነው። ከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ አንድ ረከቦት ከበው ስለሚቀመጡ ፍርዱ ከቶ አይዘገይም። ይነቀል፣ በምትኩ ነጭና የሚያብለጨልጭ ይግባ ይባላል። ጠበቃ የቆመለት ስለሌለ እዚህ ዘግየት ብሎም ቢሆን ሊቆምለት የሚሞክር አለ። መከላከያው አንድ ነው። በጠባብና በቆየ ኩሽና ውስጥ ያረጀው ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ሳይሆን የተቀረው ነገር ነው፤ ብርሃኑ፣ የጭሱ መውጫ፣ የመክተፊያው ቦታ፣ የመብራት መስመሩ። እኛ ግን የምናድሰው ለእንግዳ ዓይን እንጂ ለወጥ ሠሪዋ እጅ ስላልሆነ፣ ዕዳው ሁሉ ዓይን ከሚያርፍበት ላይ ይወድቃል። (ወጥ ሠሪው ወንድ የሆነበት ቤት ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ብዙ ሰው እንደማናስቀይም ግን እርግጠኞች ነን።)

ተከሳሹ ማን እንደሆነ እንይ። በድሮዎቹ ቪላዎች ኩሽና ውስጥ አናጺው የገጠመው ቁም ሳጥን ብዙ ጊዜ ከአገር በቀል ዛፍ የተሰነጠቀ ሳንቃ ነው፤ ዝግባ፣ ጥድ፣ ቀረሮ፣ ባለቤቱ ደላ ያለው ከሆነ ደግሞ ዋንዛ። ዋንዛ ለመጋዝና ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ደርቆ ከተሠራ እምብዛም የማይጣመም፣ ምስጥም የማይደፍረው እንጨት ስለሆነ ከበሮውም፣ በሩም፣ አልጋውም ከእርሱ ሲሠራ ኖሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ከግድግዳው ተነቅሎ ደጅ የሚጣለው ሳንቃ ነገ እንግዛው ቢባል እንደ ሽንኩርት ከየጉልቱ የሚለቀም ዕቃ አይደለም። በምትኩ የሚገባው ደግሞ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። ስማቸው ረቀቀ እንጂ አንዱ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ሌላው እንደ ጥጥ የተባዘተ የእንጨት ጭረት ሆነው በኮላ ተለውሰው፣ በሙቀት ተጨፍልቀው የተጋገሩ ናቸው። ላያቸው መስተዋት ነው፤ ውስጡን ለቄስ። ሽፋኑ በአንድ ጠርዝ በኩል ተገንጥሎ ቺፑዱ ውኃ ከቀመሰ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፣ ካበጠ ወዲያም ወደ ልኩ አይመለስም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ከላቫንዲኖው ሥር ሦስት ጀሪካን ተደርድሮ በሚያድርበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብሎኑም እንዲሁ ነው። የማጠፊያው ብሎን በቺፑድ ውስጥ አንዴ ከላላ የሚነክሰው ነገር አያገኝም፤ በሩ ተንጋዶ፣ አንድ ትከሻው ወርዶ ይኖራል። በዋንዛ ላይ የላላ ብሎን ግን መድኃኒቱ ክብሪት ነው፤ ሁለት ሦስት የክብሪት እንጨት ኮላ ነክሮ ቀዳዳው ውስጥ መሰግሰግ፣ ሲደርቅ መልሶ ማጥበቅ። አንዳንድ አናጺ ይህን ሁሉ ከባለቤቱ በላይ ያውቀዋል። «አሮጌውን እኔ እጥልላችኋለሁ» ብሎ በትሕትና ጭኖት ሲሄድ ማየት፣ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል የሚለውን አባባል በሥራ ላይ እንደማየት ነው።

አዲስ ቁም ሳጥን ሲከፈት ብቅ ስለሚለው፣ ብዙዎቻችን «የአዲስ ዕቃ ሽታ» ብለን በደስታ ስለምንስበው ሽታም አንድ ቃል። ከሚሸተው ውስጥ ከኮላው የሚወጣ ፎርማልዴሃይድ ይገኝበታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ደረጃውን ጠብቆ የተሠራ ቦርድ የሚለቀው መጠን አነስተኛ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ መሰንበት እንጂ ጎረቤት መጥራት አያስፈልግም። ሐቁን ለመናገርም ቡናማ የሆነ ሁሉ እንጨት አይደለም። የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት የለበሰ ቺፑድም በዚሁ ክስ ስም «የእንጨት ቁም ሳጥን» ተብሎ ይጠራል፤ ለእርሱ ጥብቅና አንቆምም። መለየቱ ከባድ አይደለም። በሩን ከፍቶ ጠርዙን ማየት ነው፤ እውነተኛ ሳንቃ ከሆነ የፊቱ መስመር በጠርዙ ዞሮ እስከ ጀርባው ይቀጥላል፣ ልብስ ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ ስፌቱ ይታያል። ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ክፍል ሆዱ ተነፍቶ፣ ሲነኩት እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ከሆነ በክብር ይሰናበት።

ከዚህ ወዲያ ወደ እውነተኛዎቹ ጥፋተኞች እንሂድ። አንደኛው ብርሃኑ ነው። የድሮ ኩሽና መብራት ከኮርኒሱ መሐል የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ነች። ሥራ የሚሠራው ግን ከግድግዳው ጥግ ስለሆነ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ጀርባውን ለመብራቱ፣ ጥላውን ለሽንኩርቱ ሰጥቶ ይቆማል። ሽንኩርቱ እያስለቀሰ፣ ጥላው እያጨለመ፣ ቢላዋው ጣትን ከቃሪያ የሚለየው በእምነት ነው። ከዚያ «ይህ ጥቁር ቁም ሳጥን ኩሽናውን አጨለመው» ይባላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ሲረጭ ጥቁር ቡናማ እንጨት ግን አብዛኛውን ይውጣል። ነገር ግን የሚረጨው ብርሃን መጀመሪያ መኖር አለበት። ከላይኛው ቁም ሳጥን ሆድ ሥር የተለጠፈች አንዲት ኤልኢዲ ገመድ ብርሃኑን ቀጥታ መክተፊያው ላይ ስለምታወርደው፣ አሥር በር ነጭ አድርጎ የማይገኘውን ለውጥ በአንድ ከሰዓት ታመጣለች። ግድግዳውና ኮርኒሱ ነጭ ቢቀቡ ደግሞ እንጨቱ ያ ሁሉ ዓመት የተከሰሰበት ጨለማ የእርሱ እንዳልነበረ ይታወቃል። ቀዝቃዛ ሰማያዊ አምፖል ግን አይመከርም፤ ዶሮ ወጥን እንደ ሬሳ ያሳያል።

«ጠባብ ነው» የሚለው ክስ ደግሞ ታሪክ ያስፈልገዋል። ዛሬ ዘመናዊ ኩሽና የምንለው ነገር ራሱ የተወለደው ከጥበት ነው። ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች የነደፈችው ኩሽና ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነበር፤ ስድስት ተኩል ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ወደ አሥር ሺህ በሚጠጉ ቤቶች ተገጠመ። ሴትዮዋ ከባቡር ምግብ ቤት ኩሽና ተምራ፣ እያንዳንዷን እርምጃ ቆጥራ፣ መብራቱን ሳይቀር ሥራው ወዳለበት እንዲንሸራተት ኮርኒሱ ላይ በሐዲድ ሰቅላዋለች። ያ ሁሉ የዘመናዊነት አያት የሆነ ኩሽና የተሠራው ከምን ነበር ቢባል መልሱ ለዋንዛ ጠበቃ ደስ ያሰኛል፤ ቁም ሳጥኑ እንጨት ነበር፣ የዱቄት መሳቢያዎቹ ዱቄቱን ነቀዝ እንዳይደፍረው ከኦክ እንጨት፣ መክተፊያው ከቢች እንጨት። ቀለሙ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነውም ዝንብ አይወደውም ተብሎ ነው። ይልቅስ የሚያስገርመው፣ ነዳፊዋ ከዚያ በፊት ቤት አስተዳድራም ሆነ ምግብ ሠርታ እንደማታውቅ በኋላ ራሷ መናገሯ ነው። ይህን የሰማ የእኛ አገር ባል «ታዲያ እኔም ልንደፍ» እንዳይል እንጂ፣ ነገሩ ያስረዳናል፤ ጥበት የሚፈታው በታሰበበት ልክ ነው።

ልኩ ላይ ስንደርስ ነው የአዲሱ ካቢኔት ጉድ የሚወጣው። በየሱቁ የሚሸጠው የታችኛው ቁም ሳጥን ጥልቀት ከአውሮፓ እንደተቀዳ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የላይኛው ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሳህንና ለብርጭቆ ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ ወርዱ ራሱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ አክንባሎና እግር ሲጨመርበት በሩ አይዘጋም። ትልቁ የማቅረቢያ ትሪ ወደ ላይኛው አይገባም፣ ሰፌዱ አይገባም፣ ቡሃቃው አይገባም፣ ሞሰቡማ መሞከሩም ነውር ነው። ስለዚህ ብዙ ብር የወጣበት ቁም ሳጥን ስኒና ሹካ ታቅፎ ሲቀመጥ፣ ሥራውን የሚሠሩት ዕቃዎች በሙሉ ከማቀዝቀዣው ጀርባና ከበሩ ኋላ ቆመው ያድራሉ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በምድጃ፣ በውኃና በማቀዝቀዣ መካከል ያለውን የሦስት ማዕዘን መንገድ አጥንተው ድምሩ ከአራት ሜትር ብዙ እንዳያንስ፣ ከስምንት ሜትር እንዳይበልጥ መክረዋል። የእኛ ሦስት ማዕዘን ሌላ ነው፤ ከምድጃው ወደ ጀሪካኑ፣ ከጀሪካኑ «ቡናው ደረሰ ወይ?» ወደሚባልበት ሳሎን፣ ከሳሎን ተሯሩጦ መገንፈል ወደጀመረው ጀበና። የድሮውን ቁም ሳጥን የሚያውቅ አናጺ ግን አንዱን መደርደሪያ አውጥቶ፣ ሁለቱን ክፍል አንድ አድርጎ ምጣድና ትሪ በቁመት የሚገቡበት ማስገቢያ ሊሠራለት ይችላል፤ ሳንቃው መጋዝ ይቀበላል፣ መላጊያ ይቀበላል። የተለበጠ ቦርድ እንዲህ ቢደረግበት የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ለውኃ የተከፈተ አፍ ነው። ደግሞ ጥበቱ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ከመንቀል በፊት አንድ ቀን ሁሉንም በር ከፍቶ ማየት ይጠቅማል። ክዳን የሌላቸው ስድስት ጣሳዎች፣ ጣሳ የሌላቸው ዘጠኝ ክዳኖች፣ ለሰርግ የተሰጠ፣ እስከ ዛሬ ካርቶኑ ያልተከፈተ የሻይ ስኒ፣ ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል፣ እርሱም በሌላ ፌስታል ውስጥ። ይህ ሁሉ ወደ አዲሱ ቁም ሳጥንም ተከትሎ ይገባል። ፌስታል ቤት ሲቀየር የማይቀር ዘመድ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ጭሱ ነው። የእኛ ምግብ ሽንኩርቱን አቁላልቶ፣ በርበሬውን አብስሎ፣ ቅቤውን አንጥሮ የሚጀምር ስለሆነ ከድስቱ የሚነሣው እንፋሎት ቅባት ተሸክሞ ይወጣና መጀመሪያ ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል። አሮጌ ነው የተባለው ጥቁርነት ግማሹ የእንጨቱ መልክ ሳይሆን የሃያ ዓመት ቁሌት ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ ይዞ አንዱን በር በእርጥብ ጨርቅ ማሸት፣ ወዲያውም ማድረቅ በቂ ማስረጃ ይሰጣል፤ ከሥሩ የማር መልክ ያለው እንግዳ እንጨት ብቅ ይላል። በነጩ ካቢኔት ላይ ያው ቁሌት ሲያርፍ ግን አያጠቁረውም፤ ያወይበዋል፣ ያውም በስድስት ወሩ። ስለዚህ ገንዘብ ካለ ቧንቧው ግድግዳ በስቶ ወደ ደጅ በሚወጣ ጭስ መምጠጫ ላይ ይዋል። በከሰል አጣርቶ መልሶ ወደ ቤት የሚተነፍሰው ዓይነት እንፋሎቱን ስለማያወጣው፣ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ሙያው መንጎራጎር ብቻ ነው። አሁን ፋሽን የሆነው ግድግዳ የሌለው፣ ከሳሎን የተያያዘ ኩሽናማ ለዚህ ምግብ የተነደፈ አይደለም። ማረጋገጫው ያሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የፊት ኩሽናው ሲያብለጨልጭ ወጡ ግን ከጓሮ፣ ቆርቆሮ ማድቤት ውስጥ ይንተከተካል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ ወገኖቻችንም ቤት ሲገዙ የጭስ ማንቂያው ከቁሌቱ እኩል ስለሚጮህ፣ አንዳንዶቹ ሽንኩርቱን ወደ ምድር ቤት ወይም ወደ ጋራዥ አስወርደውታል። ሁለት ኩሽና ያለው፣ አንዱ ለመታየት አንዱ ለመብላት የሆነ ቤት ብዙ ቦታ አለ። ጠባብ ኩሽና ያለው ሰው ግን ይህ ቅንጦት የለውም፤ ያለችውን አንዲቷን ለመብላት ማድረግ አለበት።

ስለ መብራት መስመሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይናገራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፒር ነው። ፍሪጅና ማንቆርቆሪያ ለሚሰካበት ቀጭን ሽቦ ይህን ማሸከም አህያን የሁለት አህያ ጭነት መጫን ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ሸቶ ብሬከሩ ሲወርድ እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቶ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ለምጣዱ ብቻ ወፈር ያለ ሽቦ ያለው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ማስገባት የማይታይ፣ እንግዳም የማያደንቀው ሥራ ነው። እንግዳ ስለማያደንቀውም ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲታሰቡ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንፃ አብሮ መታሰቡ የሚያሳየው ነዳፊዎቹ ቢያንስ ችግሩን እንዳዩት ነው። ኋላ ያ ሕንፃ በየሰፈሩ ምን ሆነ የሚለው ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል።

አሁን ከሳሾች የቀራቸውን ያምጡ። «እንጨት በረሮ ያራባል» ይላሉ። በረሮ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ፍርፋሪና ስንጥቅ ይፈልጋል፤ የሚያድርበትን ቤት ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም። በአዲሱ ካቢኔትና በግድግዳው መካከል የቀረችው ጣት የማታስገባ ክፍተት፣ ጀርባዋ በስስ ኮምፔንሳቶ ተሸፍና፣ ከማቀዝቀዣው ሞተር ሙቀት ጋር ስትጎራበት ለበረሮ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነች። ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማሠር ከማንኛውም ካቢኔት ይበልጣል። «እንጨት ንጽሕና የለውም» ለሚሉም አንድ ጥናት እናቅርብ። ዲን ክሊቨር የተባሉ አሜሪካዊ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእንጨትና የፕላስቲክ መክተፊያዎችን ሲያወዳድሩ፣ እንጨቱ ላይ ያረፉ ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ሰርገው እዚያው እየሞቱ እንደሚቀሩ፣ በቢላዋ የተተለተለ ፕላስቲክ ላይ ግን ለማጽዳት እንደሚያስቸግሩ አገኙ። መክተፊያ ቁም ሳጥን አይደለም፤ ከዚህ የበለጠ ልናስመሰክረው አንችልም። እንጨትን በቆሻሻነት መክሰስ ግን ማስረጃ እንደሚጠይቅ ያሳያል። «ቤቱ ሊከራይ፣ ሊሸጥ ነው፤ ተከራይ ነጭ ይወዳል» የሚለው ከሁሉም ጠንካራው የገንዘብ ክርክር ነው። እውነት ነው፣ ተከራይ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ይወዳል። በሦስተኛው ወር የሚደውለው ግን ስለ ቀለሙ አይደለም፤ በሩ ወደቀ፣ ሥሩ አበጠ፣ ብሬከሩ ወረደ ብሎ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ምክንያት የለውም፣ ስለዚህም ከሁሉ ይከብዳል። «ሰለቸኝ» የሚለው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ያንኑ ቡናማ ፊት እያየች ወጥ የሠራች ሰው ይህን ስትል፣ ደን አዋጅና ባክቴሪያ ማዝነብ ነውር ነው። ለዚህ ቀለም አለ። ሁሉንም ከመንቀል የላይኞቹን በሮች ብቻ ፈካ ያለ ቀለም መቀባት፣ የታችኞቹን በእንጨት መልካቸው መተው ጠባቡን ክፍል ከፍ ያደርገዋል፣ የእግርና የባልዲ ምቱንም እንጨቱ ይችለዋል። እንጨቱ ዋንዛ ሆኖ ከተገኘ ግን በቫርኒሽ ይብቃው፤ ዋንዛ ላይ ቀለም መቀባት ጠጅ ላይ ለስላሳ እንደመጨመር ነው፣ ይጠጣል፣ ግን ለምን? ቀለሙ እንዲይዝ የሚፈልግ ሰው በቅደም ተከተሉ አይከራከር። መጀመሪያ በሮቹ ሲፈቱ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ እያንዳንዱ የድሮ በር ከራሱ ቦታ ጋር አብሮ የተጣመመ ስለሆነ ተለዋውጠው ሲመለሱ እንደማይስማሙ ባልና ሚስት ይነታረካሉ። ቀጥሎ ቅባቱ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ እንጨት ቅባቱን ወደ ውስጥ ይጠጣውና ቀለሙን ከወር በኋላ እንደ ቅርፊት ያራግፈዋል። ከዚያ በቁጥር 120፣ ኋላም በ220 ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ፕራይመር አልብሶ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ። «እስኪደርቅ» የሚለው ቃል ላይ ነው ብዙ እድሳት የሚበላሸው፤ እንግዳ ቅዳሜ ይመጣልና።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው እጀታው ነው። አዲስ እጀታ ብቻውን የድሮን ቁም ሳጥን አሥር ዓመት ወጣት ያስመስለዋል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። አሁን ገበያ ላይ ያለው እጀታ ሁለቱ ብሎኖች መሐል ለመሐል የሚራራቁት በአብዛኛው 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የድሮዎቹ በሮች ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ 76 ሚሊ ሜትር ወይም አናጺው በስንዝሩ የወሰነው ሌላ ልክ ነው። ስለዚህ መርካቶ ሲወረድ አንዱን አሮጌ እጀታ ፈትቶ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል። ሻጩ ከሩቅ አይቶት «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። ከመደርደሪያው አውርዶ ጎን ለጎን እስኪያስተያየው ድረስ የሁሉንም እጀታ ዋጋ አይክፈሉ።